የጋሽ ወልዴ የወይራ ዘንግ

ሥራዬን ያቆምኩት ባለፈው ሐምሌ፣ በዝናቡ መሐል ነው። የጡረታ ዕድሜዬ ገና አልሞላም ነበር። መካኒሳ ያሉ ጎረቤቶቼ ለምን ቀደም ብዬ እንደወጣሁ ሲጠይቁኝ «ደከመኝ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ደክሞኛል። ነገር ግን ድካም ሰውን ከሥራ የሚያስወጣ ቢሆን ኖሮ እኔ ዱሮ በወጣሁ ነበር። ልጆቹን ስለ ውሸት ሲቀጣ የኖረ አባት በስተርጅና ግማሽ እውነት ይዞ በር ላይ መቀመጥ አይገባውም። ስለዚህ ሙሉውን እጽፈዋለሁ።

የኖርኩት ከባድ ገልባጭ መኪና በመጠገን ነው። በአስፋልት ላይ አሸዋ የሚያመላልሰውን ማለቴ አይደለም። ማዕድን የሚቆፈርበት ቦታ የሚሠራውን፣ ጎማው ከሰው ቁመት የሚበልጠውን፣ ሹፌሩ በመሰላል የሚወጣበትን ነው። የጀመርኩት በደቡብ፣ በአንድ የወርቅ ማውጫ፣ የመኪና አጣቢ ሆኜ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመለዋወጫ ካታሎግ፣ ከየሥዕሉ ሥር ከተጻፈው ስም ነው። እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሰላምታ መስጠት አላውቅም፤ የካምቢዮ ውስጥ ዕቃ ስም ግን አንድም አያመልጠኝም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ከመኪኖቹ ጥቂቶቹ ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ፤ እኔም ከዕቃው ጋር አብሬ ተዛወርኩ። ዋናው ጋራዥ ነፋስ ስልክ ነበር። ድንጋይ ማውጫው ደግሞ ከፉሪ አለፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ድንጋዩ ከላይ ይጫናል፤ መፍጫው ከታች ነው። መኪናው ጭኖ ይወርዳል፣ ባዶውን ይወጣል። እኛ የምንሠራበት፣ ጋራዥ የምንለው ባለ አጥር የቆርቆሮ ጥላ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ስለነበር፣ የሚወርደውም የሚወጣውም በደጃችን ያልፋል። አለቆች ተፈራረቁብን። አንዱ ቁልፍ ሲወድቅ የሚደነግጥ ነበር፤ ሌላው ደግሞ መኪና ሲወድቅ እንኳ የማይደነግጥ። ስለ ደመወዙ አላነሣም፤ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ፣ በቃ።

የሥራዬ አባት ጋሽ ወልዴ ናቸው። በልጅነታቸው ከጣሊያን መካኒኮች ጋር የሠሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው። ልማዳቸው ብዙ ነበር። እጃቸውን የሚታጠቡት ሥራ ሲጨርሱ ሳይሆን ከመጀመራቸው በፊት ነው። «ማሽን እንደ ሕመምተኛ ነው፤ በቆሸሸ እጅ አይከፈትም» ይሉ ነበር። የፈቱትን ብሎን ሁሉ በተፈታበት ተራ ጆንያ ላይ ይደረድራሉ፤ ጆንያውን የረገጠ ሰው ወዮለት። የወጣ ዘይት ሳያሸቱ አይደፉም። ከሁሉ በላይ ግን፣ መኪና ታሞ ሲመጣ ማንም ሰው «እንዲህ ሆኗል» እንዲላቸው አይፈቅዱም። መጀመሪያ የጉልበቱን መንገድ ማስቆጠር ነው።

«ታደሰ፣ ጉልበቱ የት ተወለደ?»

«ሞተሩ ውስጥ።»

«ከዚያስ ወዴት ሄደ?»

ከዚያ ወደ ኮንቨርተሩ ይሄዳል። ይህ በዘይት የተሞላ ድቡልቡል ቤት ነው። ውስጡ ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሞተሩ አንዱን ሲያዞረው ዘይቱን ይገፋል፤ የተገፋው ዘይት ሁለተኛውን ያዞራል። ብረት ብረትን አይነካም። ያን ሁሉ ጭነት የተሸከመ መኪና ሳይነጥር፣ እንደ በሬ ቀስ ብሎ የሚነሣው ለዚህ ነው። ከኮንቨርተሩ ጉልበቱ ወደ ካምቢዮ ይገባል። ካምቢዮ ምርጫ ነው፤ ፍጥነት የፈለገ ከጉልበቱ ይተዋል፣ ጉልበት የፈለገ ከፍጥነቱ ይተዋል። ሁለቱንም ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ በመኪናም በኑሮም። ከካምቢዮው በሆዱ ሥር ባለው ረጅም ዘንግ አድርጎ ወደ ኋላ፣ ወደ ዲፈረንሻል ይደርሳል። ዲፈረንሻል ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍላል፤ መታጠፊያ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞርም ይፈቅዳል።

በትንሽ መኪና መንገዱ እዚህ ያልቃል። በእኛ ግን በያንዳንዱ የኋላ ጎማ ውስጥ አንድ ቤት ደግሞ አለ። ከመሐል ትንሽ ባለ ጥርስ ክብ አለች፤ ዙሪያዋን ሦስት ሌሎች ይዞሯታል። እሷ ብዙ ትዞራለች፣ ጎማው ጥቂት ይዞራል፤ በዚያ ምክንያት ጉልበቱ ይበዛል። «ከባዱ ነገር መጨረሻ ላይ ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ወልዴ። «የሚሰበረውም እዚያው ነው።»

ከዚያ ትምህርቱን ይገለብጡታል። «ዳገት ላይ ሞተር ጎማን ይገፋል። ቁልቁለት ላይስ?» ቁልቁለት ላይ ጎማው ሞተሩን ይገፋል፤ ሞተሩ ደግሞ አልገፋም ብሎ መኪናውን ይይዘዋል። ጭኖ የሚወርድ መኪና የሚታመነው በፍሬን አይደለም። ፍሬን ብቻውን ከሆነ ግሎ ይከዳል። የሚታመነው በዚህ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ከጎማ እስከ ሞተር ድረስ ጥርስ ጥርስን እንደያዘ በመቆየቱ። በአንዱ ጎማ በኩል ከተበጠሰስ? ሌላው ጎማ አይይዝም ወይ? አይይዝም። ዲፈረንሻል ጠባዩ መጥፎ ነው፤ አንዱ ወገን ባዶውን መሽከርከር ከጀመረ ሁሉን ነገር ለእሱ ይሰጠዋል። «እንደ አንዳንድ አለቃ ነው» ይሉና ጋሽ ወልዴ ወደ ቢሮው ያያሉ። «የሚሠራውን ትቶ ለቦዘነው ያድላል።»

ሕመሙን የሚፈልጉት በወይራ ዘንግ ነበር። ክንድ የሚያህል፣ በእጅ ብዛት የጠቆረ። አንዱን ጫፍ በጎማው ቤት ላይ፣ ሌላውን በጆሯቸው አድርገው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ለምን ብረት እንደማይጠቀሙ ስጠይቃቸው «ብረት የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ ያመጣል፤ ወይራ የነካውን ብቻ ይናገራል» አሉኝ። ሰምተው ሲጨርሱ ወይ «ክፈቱት»፣ ወይ «ጤና ነው» ይላሉ። በዚያ ጋራዥ አንድ ሕግ ነበር፤ ማንም አልጻፈውም፣ እሳቸው ናቸው ያመጡት። ጤና ነው ያለ ሰው በመጀመሪያው ጭነት ከሹፌሩ ጎን ይሳፈራል። «በሰው ነፍስ አትፍረድ፤ መፍረድህ ካልቀረ ግን የራስህንም ጨምርበት» ነበር ቃላቸው።

በኋላ በኋላ ዘንጉን ከጆሯቸው ላይ አነሡና በመንጋጋ ጥርሳቸው ይነክሱት ጀመር። እኛ ይህን የጥበብ መጨረሻ አድርገን ቆጠርነው። ከመካከላችን ቀልደኛው ኡርጌሳ ነበር፤ የፉሪ ሰው፣ የሰባት ልጆች አባት፣ ከሹፌሮቹ ሁሉ እጁ የረጋ።

«ጋሽ ወልዴ፣ መፋቂያ ነው እንዴ?» አላቸው አንድ ቀን ከፊታቸው ቆሞ።

«አንተ ብትፍቅበት ይሻልሃል፤ አፍህ ከጭስ ማውጫው ይብሳል» አሉት።

ሳቅን። በሳምንቱ ግማሹ ጋራዥ እንጨት ነክሶ ይዞር ጀመር። እኔም ሞከርኩት። እውነትም ድምፁ በአጥንት ውስጥ ገብቶ ራስ ቅል ውስጥ ይጮኻል። ጆሯቸው ስለጠፋ ነው ያንን ያደረጉት ብሎ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማንም ለማንም ሳይናገር፣ ከኋላቸው መጥራት ትተን ከፊታቸው ቆመን መናገር ለመድን። ስንነጋገር አፋችንን ከፈት እናደርጋለን። ይህን አክብሮት እንለው ነበር።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ በዐቢይ ጾም ጋሽ ወልዴ በጥርስ ሕመም ተሰቃይተው የመንጋጋ ጥርሶቻቸውን አስነቀሉ። ከፋሲካ በኋላ ጉንጫቸው ጎድጉዶ ወደ ሥራ ተመለሱ። በዚያው ሰሞን ኡርጌሳ መኪናውን ከጥላው ሥር አቆመና ወረደ።

«በቀኝ የኋላው ያጉረመርማል» አለ። «ጭኜ ስወርድ ብቻ። ባዶውን ዝም ይላል።»

በደንቡ መጀመሪያ የዘይት መዝጊያው ላይ ያለው ማግኔት ይታያል፤ ጥርስ እየተፋቀ ከሆነ ብናኙን ማግኔቱ ይይዘዋል። ዘይቱ ግን በዚያው ሳምንት ተቀይሮ ስለነበር ማግኔቱ ንጹሕ ሆነ። ከዚያ የኋላውን በክሪክ አነሣነው፤ ሞተሩ ተነሥቶ ጎማዎቹ በአየር ላይ ይዞሩ ጀመር። ጋሽ ወልዴ ዘንጉን ይዘው መጡ። ሁላችን እንደለመድነው ወደ አፋቸው ሲወስዱት ጠበቅን። አልወሰዱትም። ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

ያን ጊዜ በዚያ ጥላ ሥር የነበረ ሰው ሁሉ ገባው። የሚነክሱበት ጥርስ የለም፤ ጆሮው ደግሞ ካቆመ ቆይቷል። ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። እኔ መዳፌን በጎማው ቤት ላይ አድርጌ ነበር፤ ከውስጥ አሸዋ እንደሚፈጭ ዓይነት ነገር ተሰማኝ። «መከፈት አለበት» አልኩ። ያልኩት ግን ለአለቃችን ነው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አለቃው ክርኔን ያዘኝ።

«ሽማግሌ በሰው ፊት አይዋረድም» አለኝ። «ጤና ነው ካሉ ጤና ነው።»

ጋሽ ወልዴ ዐይናቸውን ገለጡ። «ጤና ነው» አሉ።

ሁሉም ወደ ኡርጌሳ አየ። የሚሄደው እሱ ነው። ነፍሱ ናት። «አይ፣ አልወስደውም» ቢል ማንም አያስገድደውም ነበር። ኡርጌሳ እጁን በሱሪው ጠረገና «እሺ ጋሽ ወልዴ፤ ይውጡ፣ እንሂድ» አላቸው። ክንዳቸውን ይዞ መሰላሉን አወጣቸው። በሌላ አገር ሰው የሚሞተው ባለማወቅ ይሆናል። እኛ ግን እያወቅን፣ በትሕትና፣ ክንድ ደግፈን ነው የምንሞተው።

ከላይ ጭነው ሲመለሱ ከጥላው ወጥተን ቆምን። መኪናው ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ማጉረምረሙ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ከዚያ አንድ የደረቀ ድምፅ፣ እንደ ግንድ ስንጥቅ ያለ ጮኸ፤ ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ቀለል አለ። የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ሞተሩ ሲቀለው መኪናውን የያዘው ነገር የለም ማለት ነው። በጎማው ውስጥ ያለችው መሐለኛዋ ባለ ጥርስ ተሰብራ ነበር። ዲፈረንሻሉም ጠባዩን አሳየ። ኡርጌሳ ፍሬኑን ረገጠ፤ ጥቂት ያዘለት፣ ከዚያ ጎማዎቹ ማጨስ ጀመሩ። በደጃችን ሲያልፍ ፊቱን አየሁት፤ ወደ እኛ አላየም። ከታች መፍጫው ላይ ሰዎች ነበሩ። መሪውን ወደ ግራ፣ ከመንገዱ ዳር ወደተከመረው የድንጋይ ጥራጊ አዞረው። መኪናው ክምሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። የተጨፈለቀው በሹፌሩ በኩል ያለው ነው።

የኡርጌሳን እግር ከብረቱ ውስጥ ያወጣነው በክሪክና በመጋዝ ነው። ራሱን አልሳተም ነበር። ወደ ሆስፒታል ከሄደ በኋላ ጋሽ ወልዴን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግንባራቸው ላይ ካለው ጭረት በቀር ምንም አልነካቸውም። ዘንጉ ጭናቸው ላይ ነበር።

«ታደሰ፣ እናንተ ሰምታችኋል?» አሉኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ ተናገርኳቸው። «ሰምተናል!»

«ኡርጌሳስ?»

«እሱም!»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«አክብረንዎት ነው!»

«እኔስ ተከበርኩ» አሉ። «የሱ ልጆች ምን ይሁኑ?» ቀጥለውም፣ «በጥርሴ እሰማለሁ ብዬ ነበር። ከተነቀለ በኋላ ደግሞ፣ ብሳሳት እንኳ አንዱ ይነግረኛል ብዬ አሰብኩ። ይህን ያህል ሰው አስተምሬ አንድ የሚናገር አላፈራሁም» አሉ።

ይህ ነው የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውድቀት። የብረት ስብራት አይደለም፤ ብረት ይሰበራል፣ ለዚያ ነው መለዋወጫ የሚሠራለት።

ጋሽ ወልዴ ተመልሰው ቁልፍ አልያዙም። ዕቃቸውን ሲሸክፉ ዘንጉን ሰጡኝ፤ «ውሰደው፤ ግን ብቻህን እንዳትሰማበት» አሉኝ። ጥቂት ክረምት ቆይተው ዐረፉ። ኡርጌሳ እግሩ አጥሮ ተመለሰ፤ መንዳት ስለማይችል የጋራዡ በር ጠባቂ ሆነ። ጋሽ ወልዴን አንድ ቀን በክፉ ሲያነሣ አልሰማሁም። ስለ ራሱ ግን «እኔ እኮ የተሰበርኩት በይሉኝታ ነው፤ ሐኪሙ በራጅ ፈልጎ አላገኘውም» እያለ ይስቃል። ሳቁን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

እኔ ዋና መካኒክ ስሆን በድሮው ሕግ ላይ ሌላ ጨመርኩ። አንድ ሰው ሰምቶ አይፈርድም። ሁለተኛ ሰው በዚያው ዘንግ ይሰማል፤ የፊተኛው የተናገረውን ሳይጠይቅ፣ የሰማውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ካልተስማሙ ይከፈታል፣ ክርክር የለም። ብዙ ሰው አልወደደልኝም። በከንቱ የከፈትንበት ጊዜ ነበር፤ አለቃውም ተቆጥቷል። ቤት ውስጥም ይህንኑ ሕግ ለማስገባት ሞክሬ ነበር፤ ልጆቼ ስሕተቴን ፊት ለፊት እንዲነግሩኝ። ሲነግሩኝ ግን እቆጣ ነበር። ለማሽን የሠራ ሕግ ለአባት ይከብዳል።

ሁለተኛዋ ሰሚዬ ገነት ነበረች፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቃ የመጣች፣ ጠንካራ መካኒክ። መጀመሪያ ስትመጣ «ሴት ይህን ቁልፍ ታዞራለች?» ብያለሁ፤ አዞረችው፣ ነገሩም እዚያ አበቃ። የጉልበቱን መንገድ አስቆጥሬያት ሳትሳሳት ጨረሰች፤ እኔ በልምድ የማውቀውን እሷ ምክንያቱን ታውቀው ነበር። ከሷ ብዙ ተማርኩ።

ባለፈው ሰኔ የአንዱን መኪና የግራ የኋላ ጎማ አዳመጥን። እኔ ቀድሜ ዘንጉን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዝም ያለ፣ ለስላሳ ነገር ሰማሁ። «ጤና ነው» አልኩ። ገነት ዘንጉን ተቀበለች። ሰማች፤ ቦታ ቀይራ ደግማ ሰማች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። በጥላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሟል። ያንን ዝምታ ዐወቅሁት።

«ጋሼ» አለች፣ ጮክ ብላ። «ጤና አይደለም።»

ከፈትነው። ጎማውን የሚሸከመው ኩሽኔታ ከነማቀፊያው ተሰንጥቆ፣ ኳሶቹ ተልጠው ነበር። በዚያ ቁልቁለት ጥቂት ጊዜ ቢመላለስ ኖሮ የድሮው ታሪክ ይደገም ነበር። ቤት ውስጥ ልጄ «አባዬ፣ ሦስቴ ጠራሁህ» ስትለኝ የከረመችው፣ ሬዲዮውን ሚስቴ እየቀነሰች እኔ የምጨምረው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። በጋራዡም ከፊቴ እየቆሙ መናገር ጀምረው እንደነበር ልብ አላልኩም።

ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ ገነትን ጠየቅኋት።

«ፈርተሽኝ ነበር?»

«በጣም ጋሼ። እተወው ብዬም ነበር።»

«ምን አናገረሽ?»

ወደ በሩ አየች። «ጋሽ ኡርጌሳ እያነከሱ በሩን ሲከፍቱ አየኋቸው።»

ዘንጉን ለሷ ሰጠኋት። ጋሽ ወልዴ ለኔ ያሉትን ለሷም አልኳት። የመልቀቂያ ጥያቄዬን በዚያው ሳምንት አስገባሁ።

ኩሽኔታው ተቀይሮ መኪናው ለመጀመሪያ ጭነት ሲወጣ፣ ጤና ነው ያሉት ገነትና ሌላ መካኒክ ነበሩ። ዘንጉን የያዘችው እሷ ናትና ከሹፌሩ ጎን ተሳፈረች። እኔ ከኡርጌሳ ጋር በሩ ላይ ቆምኩ። መኪናው ከመታጠፊያው ጭኖ ብቅ አለ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ድምፁ ግን እንደ ሩቅ ዝናብ ነው፣ አንዱን ከአንዱ አልለየውም።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አልኩት ኡርጌሳን።

ወደ ፊቴ ዞሮ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ «ደህና ነው። እንደያዘ ነው የሚወርደው» አለኝ።

አመንኩትና ጃንጥላዬን ዘርግቼ ወደ ሰርቪሱ ሄድኩ።